የሚቀረውን ዛፍ መምረጥ

ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። አንድ ሄክታር ደን ነው። እያንዳንዱ ዛፍ ላይ ቁጥር ተጽፏል። አራት ሆነን ተመደብን፣ አንድ ታብሌት ተሰጠን፣ ከእነዚህ ዛፎች መሀል የሚቆረጡትን ምረጡ ተባልን። መጋዝ የያዘ ሰው የለም፤ ልምምድ ስለሆነ ዛፎቹ ከተመረጡ በኋላም እዚያው ቆመው ይቀራሉ። እንዲህ ያለው ቦታ ማርቴሎስኮፕ ይባላል። የደን ባለሙያዎች ዓይናቸውን የሚያሠለጥኑበት ነው። የእያንዳንዱ ዛፍ ውፍረትና ቁመት፣ ቢሸጥ የሚያወጣው ዋጋ፣ ለወፉና ለነፍሳቱ የሚሰጠው መጠለያ ሁሉ ቀድሞ ተለክቶ ተመዝግቧል። እናንተ ትመርጣላችሁ፣ ታብሌቱ ደግሞ በምርጫችሁ ምን እንዳገኛችሁና ምን እንዳጣችሁ ያሳያችኋል።

እኔ መጀመሪያ የጠቆምኩት አንድ ጠማማ ቢች (ቅጠለ ሰፊ የአውሮፓ ዛፍ) ነበር። ግንዱ መሀሉ ላይ ተጣሟል። አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ የተገነጠለበት ቦታ ጠቁሮ ጎድጉዷል፣ ከዚያ ከፍ ብሎ ደግሞ ግንደ ቆርቁር የቦረቦረው ቀዳዳ አለ። ጣውላ አይወጣውም። አጠገቡ ያለውን ቀጥ ያለ ኦክ ብርሃን ይሻማዋል። ይቆረጥ አልኩ፣ ሦስቱም ተስማሙ፣ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብንም።

ታብሌቱ ሲደምርልን በገንዘብ ያገኘነው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ያጠፋነው ግን በሄክታሩ ውስጥ ለሌላ ሕይወት መጠለያ በመሆን ከፊተኞቹ ተርታ የሚሰለፈውን ዛፍ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ወፍ ይፈለፈላል፣ የሌሊት ወፍ ያድራል፣ በጎደጎደው ቁስል ውስጥ ሌላ ቦታ የማይኖሩ ነፍሳት ይኖራሉ። አሠልጣኟ አልተቆጣችንም። «እስካሁን የምትቆርጡትን ስትፈልጉ ነው የቆያችሁት» አለች። «አሁን ተመለሱና የሚቀረውን ምረጡ።»

ይህ አባባሏ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለ ደን ስናወራ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጎራ ነው ያለን፤ አንዱ ይቆረጥ ይላል፣ ሌላው አይነካ ይላል። ሁለቱም ዓይናቸው የሚወጣው እንጨት ላይ ነው። የሚቀረው ደን ምን ዓይነት ይሁን፣ ድርቅ ሲመጣ፣ ነፋስ ሲነሳ፣ ተባይ ሲገባ ምን ይዞ ይቆማል የሚለውን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም።

ዘላቂነት የሚለውን ሐሳብ ዛሬ ለሁሉም ነገር እንጠቀምበታለን፤ መጀመሪያ የተነሳው ግን ከደን ነው። በ1713 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ሃንስ ካርል ፎን ካርሎቪትስ የተባለ በጀርመን ሳክሶኒ የማዕድን ሥራ ኃላፊ የነበረ ሰው ስለ ደን አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ጭንቀቱ ማዕድኑ ነበር። ጉድጓዱ እንዳይደረመስ ደግፎ የሚይዘው እንጨት ነው፣ ማዕድኑ የሚቀልጠውም በከሰል ነው። ደኑ ተመንጥሮ እንጨት እየጠፋ ሲሄድ፣ ከሚያድገው በላይ መቁረጥ የለብንም፣ የቆረጥነውንም መልሰን መዝራትና መትከል አለብን አለ።

ሐሳቡ ትልቅ ነበር፣ ዛሬም የደን አያያዝ መነሻ ይኸው ሒሳብ ነው፤ በዓመት ስንት ሜትር ኩብ አደገ፣ ስንት ሜትር ኩብ ወጣ። ጉድለቱ የመጣው የሚቆጠረው ነገር እንጨት ብቻ ሲሆን ነው። በኋለኞቹ ሁለት ክፍለ ዘመናት በመካከለኛው አውሮፓ ብዙ ቦታ ላይ የተደባለቀው ደን እየቀረ በምትኩ ስፕሩስና ፓይን የተባሉ ቅጠላቸው እንደ መርፌ የቀጠነ ዛፎች በመስመር ተተከሉ። ስፕሩስ ቶሎ ያድጋል። ቀጥ ይላል። ጣውላው ገበያ አለው። ዕድሜውም ቁመቱም እኩል የሆነ ደን ደግሞ ለመቁጠርም ለመቁረጥም ይመቻል። የተቆረጠው ስለሚተከል በዚያ ሒሳብ ደኑ ዘላቂ ነበር። ስፕሩስ በተፈጥሮው የሚስማማው ግን ቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ነው፣ ሰው ደግሞ ሞቅ ወዳለውና ወደ ደረቁ ዝቅተኛ መሬት አውርዶ ተክሎታል። እዚያም ለብዙ ዓመታት ደህና አደገ። ማንም ችግር አለ ብሎ አላሰበም።

የሞተ ስፕሩስ ቅርፊት ገንጥዬ አይቻለሁ። በጣት ሲገፉት ይለቃል፣ ከሥሩ ቡናማ ዱቄት ይበናል። ገልበጥ ሲያደርጉት ውስጡ ተቀርጿል። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ዋና ቦይ አለ፣ ከእሱ ግራና ቀኝ ደግሞ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀጫጭን ቦዮች ይወጣሉ። ዋናውን የቆፈረችው እናቲቱ ጥንዚዛ ናት። ግራና ቀኝ እንቁላሏን እየጣለች ሄዳለች። የተፈለፈለው እጭ ደግሞ እየበላ ወደየጎኑ ተጉዟል። ቦዩ ሲጀምር እንደ ክር ቀጭን ነው፣ እጩ እየወፈረ ሲመጣ ቦዩም አብሮት ይሰፋል፣ ጫፉ ላይ እጩ ወደ ጥንዚዛነት የተለወጠበት ትንሽ ማረፊያ አለ። ጥንዚዛዋ ሙሉ ስትሆን 5 ሚሊሜትር ገደማ ናት። ቅርፊቱን እጄ ላይ ይዤ ቀና ስል የቆመው ግንድ ከ30 ሜትር አያንስም ነበር። አንዲት ቅጠል እንኳ አልቀረበትም።

አንዲት ጥንዚዛ ብቻዋን ጤነኛ ዛፍ አትጥልም። ስፕሩስ ሲበሳ ሙጫ አፍልቆ የገባችውን ያሰምጣታል። ውኃ ሲጠማው ግን መከላከያው ይዳከማል። የመጀመሪያዎቹ ጥንዚዛዎች ገብተው ከተሳካላቸው በጠረን ሌሎቹን ይጠራሉ፣ እነዚያም በሺዎች ይመጣሉ። የሙቀቱ ወራት ሲረዝም በዓመት የሚፈለፈለው ትውልድም ይጨምራል። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ዛፍ ይሻገራሉ። ቀጣዩ ዛፍ ማነው? ሌላ ስፕሩስ ነው፣ እኩያው፣ እኩል የተጠማ። ከ2018 ጀምሮ ድርቅ ተደጋግሞ ሲመታ በጀርመን የሃርዝ ተራሮች ላይ የሆነው ይኸው ነው። ተራራው ሙሉ ግራጫ ሆኖ ቆመ።

ነፋሱም እንደዚያው ነው። በጥር 2005 ጉድሩን የተባለው አውሎ ነፋስ ደቡብ ስዊድንን ሲመታ በአንድ ሌሊት 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ዛፍ ጣለ፤ አገሪቱ በሙሉ ዓመት የምትቆርጠውን የሚጠጋ ነው። ከወደቀው ውስጥ አብዛኛው ሥሩ ጥልቅ የማይሄደው ስፕሩስ ነበር። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት የሚባለው ለዚህ ነው። አንድ ዓይነት ዛፍ፣ በአንድ ዕድሜ፣ ለአንድ ገበያ ብሎ የተከለ ሰው እንጨቱንም አላገኘው። ገበያው በአንድ ጊዜ በሞተ ዛፍ ሲጥለቀለቅ ዋጋው ወረደ፣ ለአርባና ለሃምሳ ዓመት የተጠበቀው በአንድ ወቅት አለቀ።

እኔ መሟገት የምፈልገው እዚህ ጋ ነው። የደንን ብዙ ጥቅም የሚጠብቅ አያያዝ እንደ ቅንጦት ይታያል፤ ለወፍና ለሽርሽር ሲባል ከእንጨቱ ላይ የሚቀነስ ነገር ተደርጎ ይወሰዳል። እኔ እንደገባኝ ግን ለአንድ ጥቅም ብቻ የተያዘ ደን ያንኑ አንዱን ጥቅም ለመስጠትም አቅም ያጣል። ዕድሜው የተለያየ፣ ዝርያው የተደባለቀ ደን ውስጥ ጥንዚዛ ቢገባ ስፕሩሱ ይሞታል፣ ቢቹና ኦኩ ይቆማሉ። ነፋስ ትልልቆቹን ቢጥል ከሥራቸው ቀድሞ የበቀለው ወጣት ዛፍ ብርሃን አግኝቶ ይነሳል። ተጎድቶም ቢሆን ከዜሮ አይጀምርም።

ይህን የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። በስዊዘርላንድ ኤመንታል አካባቢ ከትንሽ ችግኝ እስከ ግዙፍ ዛፍ አንድ ላይ የሚኖሩበት ደን አለ፤ ባለቤቶቹ በየተወሰነ ዓመት ገብተው አንዳንድ ዛፍ እየመረጡ ያወጣሉ እንጂ መሬቱን ባዶ አያደርጉትም። ደኑ ሁሌም ደን ነው፣ እንጨትም ሁሌ ይወጣዋል። ሥራው ግን ዓይን ይጠይቃል። ዛፉን የሚመርጠው ሰው ልምድ ያስፈልገዋል፣ የሚቆርጠውም ሰው ጎረቤቱን ሳይሰብር መጣል መቻል አለበት፣ ይህ ደግሞ ወጪ አለው። አጋዘን ከበዛ ደግሞ ሁሉም ከንቱ ነው፤ የሚጣፍጡትን ወጣት ዛፎች መርጦ እየቀነጠበ የማይወደውን ብቻ ስለሚያስቀር የተደባለቀው ደን በአፉ ተመልሶ አንድ ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ አደንን መቆጣጠርም የደን ሥራ ነው። መደባለቅ ብቻውን ተአምር አይሠራም፣ የትኛው ዝርያ ከየትኛው ጋር፣ በየትኛው አፈር ላይ የሚለው ነው ወሳኙ።

ስለሞተ እንጨትም አንድ ነገር ልበል። ወድቆ የሚበሰብስ ግንድ ብዙ ሰው እንደ ቆሻሻ ያየዋል፣ ይጸዳ ይላል። በፊንላንድ ደን ውስጥ ከሚኖሩት ዝርያዎች ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑት ግን ሕይወታቸው በሞተ እንጨት ላይ የተመሠረተ ነው። ጥንዚዛ በብዛት የገባበትን ትኩስ ግንድ ማውጣት ሌላ ጉዳይ ነው። የቆየውን፣ እንጉዳይ የበቀለበትን፣ በእጅ ሲነኩት እንደ ስፖንጅ የሚረጥበውን ግንድ ግን ተዉት እላለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጎራ ልምጣ፣ አይነካ ወደሚለው። ስሜቱ ይገባኛል፣ ለረጅም ጊዜ እኔም እዚያ ነበርኩ። ግን አለመንካትም ውሳኔ ነው፣ ውጤት አለው። በ1910 በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ፣ አይዳሆና ሞንታና ውስጥ በዋነኛነት በሁለት ቀን 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት ተቃጠለ። በርካታ እሳት አጥፊዎች ሞቱ። የአገሪቱ የደን አገልግሎት ከተመሠረተ ገና አምስት ዓመቱ ነበር፣ ያ እሳትም አስተሳሰቡን ቀረጸው። በ1935 የማንኛውም እሳት ሪፖርት በደረሰ ማግስት እስከ ጠዋቱ አራት ሰዓት ድረስ በቁጥጥር ሥር ይዋል የሚል መመሪያ ወጣ። እሳት ጠላት ነው፣ በቃ።

በምዕራብ አሜሪካ የሚበቅለው ፖንደሮሳ ፓይን ግን ከእሳት ጋር አብሮ የኖረ ዛፍ ነው። ቅርፊቱ ወፍራም ነው። በየጥቂት ዓመቱ ዝቅ ያለ እሳት በሣሩና በረገፈው ቅጠል ላይ ያልፋል፣ ቁጥቋጦውን ይጠርጋል፣ ትልልቆቹን ዛፎች ግን ግንዳቸውን አጥቁሮ ይተዋቸዋል። ነባሮቹ ሕዝቦችም ይህን እያወቁ በልክና በወቅቱ ያቃጥሉ ነበር። ያ ሁሉ ሲከለከል ቅጠሉ ተከመረ፣ ወጣቶቹ ዛፎች ተጨናንቀው በቀሉ፣ ለእሳቱ ከመሬት እስከ ጫፍ የሚወጣበት መሰላል ሆኑ። ከዚያ በኋላ እሳት ሲነሳ ትልልቆቹንም ጨምሮ ነው የሚበላው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው አባባል እዚህ ቃል በቃል ይሠራል፤ ዛሬ ባለሙያዎች ቀዝቀዝ ባለ ወቅት ጠብቀው ራሳቸው ያንን ቅጠል ያቃጥላሉ፣ የተጨናነቀውንም ያሳሳሉ።

ይህ ግን ለሁሉም ደን የሚሆን መመሪያ አይደለም። ሎጅፖል የሚባለው ፓይን ዘሩን በሙጫ በታሸገ ፍሬ ውስጥ ይዞ ይቆያል፣ ሙጫውን የሚያቀልጠው የእሳት ሙቀት ነው። በ1988 በአሜሪካ የሎውስቶን በተባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እሳቱ ከሲሶ በላይ የሆነውን ቦታ ሲነካ ብዙ ሰው ፓርኩ አበቃለት ብሎ ነበር። በቀጣዩ ዓመት አመዱ ላይ ችግኝ ብቅ አለ። አንዱ ደን የሚድንበት ነገር ለሌላው አይሆንም። ስለ ደን አንድ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛው ደን ብዬ ነው።

ብዙ ጥቅም የሚለው አነጋገርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1960 የወጣ አንድ የአሜሪካ ሕግ ብሔራዊ ደኖች ለመዝናኛ፣ ለግጦሽ፣ ለእንጨት፣ ለውኃ፣ ለዱር እንስሳትና ለዓሣ ይዋሉ ይላል። ሲነበብ ያምራል። መሬት ላይ ግን እነዚህ ነገሮች ይጋጫሉ፣ ሁሉንም በእያንዳንዱ ሄክታር ላይ ማግኘት አይቻልም። ቁልቁለቱ ላይ ያለው ደን አፈር ይያዝ፣ ለጥ ያለው እንጨት ይስጥ፣ ጥንታዊው ደግሞ ምንም መጋዝ አይንካው፣ ሦስቱም ጎን ለጎን ይኑሩ። ጥንታዊ ደን ላይ እኔ ድርድር አልወድም፤ 300 ዓመት የፈጀ ነገር ተቆርጦ በችግኝ ይተካል ሲባል ያመኛል።

ውኃን ብቻ እንኳ ብንወስድ ነገሩ ቀላል አይደለም። ከ8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለባት ኒው ዮርክ አብዛኛውን የመጠጥ ውኃዋን የምታገኘው በደን ከተሸፈኑት የካትስኪል ተራሮችና ከዴላዌር ተፋሰስ ነው። ውድ የማጣሪያ ጣቢያ ከመገንባት ይልቅ ከተማዋ በ1997 ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ተስማምታ ለተፋሰሱ ጥበቃ ገንዘብ ማውጣትን መረጠች። ደን ውኃ ያጠራል፣ እውነት ነው። ግን በደረቅ አካባቢ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ጥቅጥቅ አድርገው ቢተክሉ ወንዙን ሊያደርቀው ይችላል። ደቡብ አፍሪካ በ1998 የውኃ ሕጓ ላይ ለንግድ የሚተከል ደንን የወንዝ ፍሰት የሚቀንስ ተግባር ብላ የመዘገበችው ለዚህ ነው። ዛፍ ሁሉ ውኃ ያመጣል እያልን የምናስተምር ሰዎች ይህንን አብረን መንገር አለብን።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ልቤን የሚይዘው የሚወስነው ማነው የሚለው ጥያቄ ነው። ኔፓል በ1957 የግል ደኖችን ወደ መንግሥት አዞረች። ሐሳቡ መጠበቅ ነበር። ሰዉ ግን የእኔ ነው ይለው የነበረው ደን የማንም ሲሆንበት መጠበቁን ተወ፣ ደኑም እየተራቆተ ሄደ። በ1993 በወጣው የደን ሕግ የአካባቢ ተጠቃሚዎች ቡድን እየመሠረቱ ደኑን እንዲረከቡ ተደረገ። ዛሬ ከ20 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ቡድኖች አሉ። መቼ ማገዶ እንደሚለቀም፣ የትኛው ጥግ ለጊዜው እንደሚዘጋ፣ ያጠፋ ምን እንደሚቀጣ ራሳቸው ይወስናሉ። የአገሪቱ የደን ሽፋንም ተመልሶ ጨመረ። በእርግጥ በቡድኖቹ ውስጥም ደሃውና ሴቷ ድምፅ የሚያጡበት ጊዜ አለ፣ ማኅበር መመሥረት ብቻውን ፍትሕ አያመጣም። ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመችው ይህን መሰል ነገር ስታጠና ኖራ ነው፤ የጋራ ሀብት የግድ አይባክንም፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ አውጥተው ሊጠብቁት ይችላሉ።

በአሜሪካ ዊስኮንሲን የሚኖሩት የሜኖሚኒ ሕዝብም አሉ። መሬታቸው በ1854 የተከለለ ነው፣ 95 ሺህ ሄክታር ገደማ ይሆናል። በዙሪያቸው ያለው ደን በመጋዝ ሲያልቅ እነሱ የደረሰውንና የደከመውን እየመረጡ ቆረጡ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ እንጨት ወጥቶበት ዛሬ የቆመው እንጨት ከመጀመሪያው ይበልጣል። ከሳተላይት ሲታይ ዳር ዳሩ በመስመር የተቆረጠ ይመስላል፣ ያ መስመር የእነሱ ወሰን ነው። ከእሱ ወዲያ እርሻ ነው።

ስለ ችግኝ ተከላ ረጅም ነገር አልጽፍም። የተተከለ ቁጥር እንሰማለን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የበቀለውን ቁጥር የሚነግረን ግን ብዙ አይገኝም። በዓለም ላይ ካለው 4 ቢሊዮን ሄክታር ገደማ ደን ውስጥ 93 በመቶው በራሱ የሚራባ ነው ይላል የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የ2020 ሪፖርት። ዋናው ሥራ ያለው የቆመውን በመያዝ ላይ ነው።

ወደ አንዱ ሄክታራችን ልመለስ። አሠልጣኟ ተመለሱ ስትለን ከመጀመሪያው ዛፍ ጀመርን፣ በዚህኛው ግን የሚቀሩትን ነበር የምንመርጠው። ጠማማው ቢች ይቅር አልን። ኦኩም ይቅር። ይህን ጊዜ ነው አንዷ የቡድናችን አባል ጎንበስ ብላ ቢቹ ሥር ያለውን ያየችው። ከዚያ ቀደም ስንረግጠው ኖሮ ይሆናል፤ ወገቧ ድረስ የምትደርስ ቀጭን የቢች ችግኝ ናት፣ ቅርንጫፎቿ ብርሃን ፍለጋ ወደ ጎን ተዘርግተዋል። አሠልጣኟ ግንዷን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ አየችና ይህቺ ከ20 ዓመት በላይ ሊሆናት ይችላል አለችን። ቢች ጥላ ውስጥ እንዲህ አድርጎ ይቆያል፣ አንድ ትልቅ ዛፍ እስኪነሳለት። አራታችንም አንገታችንን ቀና አድርገን፣ የትኛው ቢወጣ ብርሃኑ እሷ ጋ እንደሚደርስ መፈለግ ጀመርን።